እትዬ በላይነሽ የተወዳደሩበት ዓመት

ባለፈው ወር ለሥራ ጉዳይ ኖርዝ ሆሊውድ ወደሚገኝ አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ሄጄ ነበር። ቀድሜ ስለደረስኩ ልጆቹ ምሳ በሚበሉበት አዳራሽ ቁጭ ብዬ እንድጠብቅ ነገሩኝ። አዳራሹ ባዶ ነበር። ወለሉ በሰም ተወልውሎ ያብረቀርቃል። የሰሙ ሽታ፣ ቢያጥቡት የማይለቀው የፈሰሰ ወተት ሽታ፣ ከወጥ ቤቱ የሚመጣው የቀለጠ ቺዝ ሽታ አንድ ላይ ሲመጡብኝ ሳላስበው ብድግ አልኩ። ምን እንደነካኝ እስኪገባኝ ትንሽ ቆየሁ። ዘጠኝ ዓመቴ ሳለ፣ እትዬ በላይነሽ የተወዳደሩ ዕለት፣ ስገባና ስወጣ የዋልኩበት አዳራሽ ልክ እንደዚህ ነበር የሚሸተው።

ያኔ የምንኖረው ከፌርፋክስ ጎዳና ጀርባ ባለ አንድ አሮጌ አፓርታማ ውስጥ ነው። አባዬ ታክሲ ይነዳል፣ አብዛኛውን ጊዜ ኤርፖርት ተሰልፎ ይውላል። እማዬ ዌስትውድ አንዲት አሮጊት ሴትዮ ቤት ኬር፣ የማስታመም ሥራ፣ ትሠራለች። ሁለቱም ሲመሽ ነው የሚገቡት። ስለዚህ እኔ ከትምህርት ቤት ስወጣ የምውለው እትዬ በላይነሽ ልብስ ስፌት ቤት ነበር።

እትዬ በላይነሽ ረጅም ናቸው፤ አንገታቸው ላይ ሁልጊዜ ሜትር ይንጠለጠላል። የሐበሻ ቀሚስ ይሰፋሉ፣ ጥለት ይገጥማሉ፣ የሰፈሩን ሁሉ ሱሪ ያሳጥራሉ። ባላቸው ከሞቱ ቆይተዋል፣ ልጅ አልነበራቸውም። ሁለት ሥራ ሰጥተውኝ ነበር። አንደኛው ወለሉ ላይ የወደቀውን ስፒል በማግኔት መልቀም ነው። ሁለተኛው ፖስተኛው የሚያመጣላቸውን የእንግሊዝኛ ወረቀት እያነበብኩ ወደ አማርኛ መመለስ። አማርኛዬ የዚያን ጊዜ ጎዶሎ ነበር። አንድ ቀን "አንቺ እትዬ፣ ይሄ ማስታወቂያ ነው" ብላቸው የስፌት መኪናውን አቆሙና ከመነጽራቸው በላይ አዩኝ።

"አንቺ ካልሽኝ እንግዲህ እኩያሽ ነኝ" አሉ። "ነይ ውጪ ወጥተን ገመድ እንዝለል።"

ከዚያ ቀን ወዲህ "እርስዎ" ማለት አልረሳሁም።

ነገሩ የጀመረው በጥር ወር፣ ሎስ አንጀለስ ዝናብ ከሚዘንብባቸው ጥቂት ቀናት በአንዱ ነው። ጋሼ ታደሰ የሚባሉ ጡረተኛ አሉ፤ በየቀኑ ከሰዓት በኋላ እትዬ በላይነሽ ሱቅ መጥተው በሩ አጠገብ ቁጭ ብለው ይጫወታሉ። ለእኔ ከረሜላ ከኪሳቸው አይጠፋም። የዚያን ቀን የደም ግፊት መድኃኒታቸውን ሊያመጡ ከመንገዱ ማዶ ወዳለው ፋርማሲ ወጡ። በእኛ ሱቅ ፊት ለፊት ዜብራ የለም፣ መብራትም የለም። ዜብራ ያለበት መስቀለኛ መንገድ ድረስ መሄድ ለጉልበታቸው ሩቅ ነው። ስለዚህ ሁሉም ሽማግሌ እንደሚያደርገው ግራ ቀኝ አይተው ገቡ። ፍሬን ሲጮህ ሰማን። እትዬ በላይነሽ መቀሱን እንደያዙ ሮጡ። እኔ ተከትያቸው ስወጣ ጋሼ ታደሰ እርጥቡ አስፋልት ላይ ተኝተው ነበር፣ ባርኔጣቸው ርቆ ወድቋል። ሾፌሯ፣ አንዲት ወጣት ልጅ፣ አጠገባቸው ተንበርክካ ታለቅሳለች። ጋሼ ታደሰ ደግሞ በአማርኛ "አይዞሽ፣ አይዞሽ" ይሏታል።

ዳሌያቸው ተሰበረ። ሆስፒታል ቆይተው ቤታቸው ሲገቡ ከአልጋቸው የሚታያቸው ያው መንገድ ነበር። እትዬ በላይነሽ ሾርባ ይዘውላቸው በሄዱ ቁጥር እኔም እከተላለሁ። አንድ ቀን "ከእንግዲህ ያንን መንገድ በእግሬ አልሻገርም" አሉ ጋሼ ታደሰ፣ እንደ ቀልድ አድርገው። እትዬ በላይነሽ አልሳቁም።

በወሩ መጨረሻ እትዬ በላይነሽ ነጭ ነጠላቸውን ለብሰው "ማሂ፣ ዛሬ አስተርጓሚዬ ነሽ" አሉኝ። የሄድነው የሰፈሩ ምክር ቤት ወደሚሰበሰብበት አዳራሽ ነው። ይሄ ምክር ቤት መንገድ አያበጅም፣ ሕግም አያወጣም፤ ሰፈሩ የሚፈልገውን ለከተማው ይጽፋል እንጂ። ግን እሱ ካልጻፈ የሰፈሩን ነገር ዞር ብሎ የሚያይ የለም። ረጅም ጠረጴዛ ኋላ ሰዎች ተደርድረው ተቀምጠዋል። መሃል ላይ ሚስተር ዋልተር የሚባል፣ ፀጉሩ እንደ ጥጥ የነጣ፣ በሰፈሩ ውስጥ ብዙ ሱቅ የሚያከራይ ሰውዬ አለ። አጠገቡ ትንሽ ደወል አለች። ለተናጋሪ የሚሰጠው ሁለት ደቂቃ ነው፣ ሲያልቅ ደወሏ ትመታለች።

እትዬ በላይነሽ ተነሡ። እንደ ደንቡ አስቀድመው ሰላምታ ሰጡ። እንዴት ዋላችሁ፣ ቤተሰብ ደህና ነው ወይ፣ ሥራ እንዴት ነው፣ ዝናቡስ እንዴት ይዟችኋል። እኔ አንድ በአንድ ተረጎምኩ። ጠረጴዛው ኋላ ያሉት ሰዎች እርስ በርስ ተያዩ። ከዚያ ስማቸውን ተናገሩ፣ ሱቃቸው የት እንዳለ ተናገሩ፣ "እንግዲህ አንድ ታደሰ የሚባሉ ወንድማችን" ሲሉ ደወሏ ተመታች።

ሚስተር ዋልተር ፈገግ ብሎ አንድ ነገር አለ።

"ምን አለ?" አሉኝ እትዬ በላይነሽ።

"ስላካፈሉን እናመሰግናለን ነው የሚለው።"

"ምን አካፈልኩት? ዳቦ?"

ይሄንን ልተርጉመው ወይ ልተወው ሳመነታ ቀጣዩ ተናጋሪ ተጠራ። ወጥተን በሩ ላይ ቆምን። እትዬ በላይነሽ ነጠላቸውን አስተካከሉና ዞረው ወደ አዳራሹ አዩ።

"ማሂ፣ እነዚህን ሰዎች እዚያ ማን ነው ያስቀመጣቸው?"

አላወቅሁም። በሩ ላይ የቆመችውን ሴትዮ ጠየቅኳት። በምርጫ ነው አለችኝ። ምርጫው ፋሲካ አካባቢ ነው፣ ሰፈሩ ውስጥ የሚኖር ወይም የሚሠራ ሁሉ መምረጥም መወዳደርም ይችላል፣ ዜግነት አይጠየቅም። ይሄንን ስነግራቸው እትዬ በላይነሽ ሦስት ጊዜ አስደገሙኝ። አራተኛውን ሴትዮዋ ራሷ በቀስታ ነገረቻቸው።

"እንግዲያው እወዳደራለሁ" አሉ።

በማግስቱ ሱቅ ውስጥ ነገሩን ሲያስረዱኝ "የነጋዴዎች ወንበር የሚባል አለ፤ አሁን ሚስተር ዋልተር ነው የተቀመጠበት። ያንን ወንበር ነው የምፈልገው" አሉኝ። እኔ ያየሁት ወንበር የሚታጠፍ ብረት ነው፣ አንዳንዱ ጨርቁ የተቀደደ። እሳቸው ሱቅ ያለው ደግሞ ሸክላ ቀለም ያለው፣ ጀርባው የተቀረጸ፣ ጋሼ ታደሰ የሚቀመጡበት ወንበር ነው። ለምን የከፋውን እንደፈለጉ ሊገባኝ አልቻለም። ለማንም ሳልናገር ለራሴ የሰጠሁት መልስ፣ ሚስተር ዋልተር ወንበሩን ከእሳቸው ወስዶባቸው ነው የሚል ነበር። ለሳምንታት ያንን ሰውዬ መንገድ ላይ ባየሁት ቁጥር እንደ ሌባ ነበር የማየው። እሱ ደግሞ ምስኪን፣ ሁልጊዜ እጁን ያነሣልኛል።

አባዬ ሲሰማ ደስ አላለውም። ሊወስደኝ ሲመጣ በሩ ላይ ቆሞ ቁልፉን በጣቱ እያዞረ፣

"እትዬ፣ ይቅርብዎት" አላቸው። "ፖለቲካ ነው።"

"ዜብራ ፖለቲካ ነው እንዴ?"

"ሲጀምር ሁሉም ዜብራ ነው።"

"አንተ ትመርጠኛለህ አትመርጠኝም?"

"እኔ ምርጫ የሚባል ነገር ውስጥ የለሁበትም፣ ያውቃሉ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።"

እሳቸው ክራቸውን በጥርሳቸው በጥሰው ስፌታቸውን ቀጠሉ። መኪና ውስጥ ለምን እንዳልፈለገ ጠየቅሁት። መብራት ላይ ቆመን ነበር። "እኛ አገር ልጅ ሆኜ" አለ፣ "ቀበሌ ስብሰባ ይጠሩናል። ምርጫ ነው ይላሉ። ጠመንጃ የያዙ ሰዎች ከኋላ ይቆማሉ። እጅ አውጡ ሲሉ ሁሉም ያወጣል። አባቴ አንድ ቀን አላወጣም።" መብራቱ አረንጓዴ ሆነ። ቀሪውን አልነገረኝም።

በሰፈሩ ሁሉ ወሬው ያው ሆነ። እትዬ በላይነሽ ከሰዓት በኋላ ሱቁን ይዘጉና እኔን አስከትለው በየቤቱ በየሱቁ ይዞራሉ። "ድምፃችሁን ስጡኝ" ይላሉ። ይሄ ቃል ደግሞ እንቅልፍ ነሣኝ። ድምፅ ማለት ለእኔ ከጉሮሮ የሚወጣው ነው። አንዲት ሬስቶራንት ያላት ሴትዮ "ድምፄን ለእርስዎ ካልሰጠሁ ለማን እሰጣለሁ" ስትል ሰምቼ ከዚያ በኋላ በምን ልታወራ እንደሆነ አሰብኩ። አንዳንዱ "ድምፄን ሰጥቼ አላውቅም" ይላል፤ እሱ ብልጥ ነው አልኩ። ጋሼ ታደሰ አልጋቸው ላይ ሆነው "የእኔ ድምፅ የእርስዎ ነው" ሲሉ ግን አላስቻለኝም። ሳለቅስ ያዩኝ እትዬ በላይነሽ "ምን ሆነሻል?" አሉኝ።

"ጋሼ ታደሰ ዳሌያቸው ተሰብሮ፣ ድምፃቸውንም ከወሰዱባቸው ምን ይቀራቸዋል?"

ሁለቱም እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። አስረዱኝ። ገባኝ አልኩ፤ ግን ሙሉ በሙሉ አልገባኝም ነበር።

ከሁሉ የከበደው ወረቀት የሌላቸውን ወይም ገና ግሪን ካርድ ላይ ያሉትን ማሳመን ነው። እማዬ ራሷ በዲቪ መጥታ ገና ዜግነት አልወሰደችም። "እትዬ፣ ለእርስዎ ብዬ ነፍሴን እሰጣለሁ፣ ግን ፔፐሬ ላይ ችግር ቢመጣስ?" አለቻቸው። ሌላ ምርጫ ላይ ያለ ዜግነት መምረጥ እንደሚያስቀጣ ሁሉም ሰምቷል። እትዬ በላይነሽ በዚህ አልተቆጧትም። ምርጫውን ከሚያካሂደው የከተማው ቢሮ አንድ ሰው አስመጡ። ሱቁ ውስጥ፣ በተሰቀሉት ቀሚሶች መሃል ቆሞ፣ ይሄኛው ምርጫ የሰፈር መሆኑን፣ የሚፈለገው እዚህ መኖራቸውን ወይም መሥራታቸውን የሚያሳይ ወረቀት ብቻ መሆኑን ተናገረ። ያን ቀን አስተርጓሚዋ እኔ አልነበርኩም፤ ትልቅ ሰው ነው ያመጡት። "ለዚህ ነገር ልጅ አይበቃም" አሉኝ። ሰውዬው ሁሉንም ጥያቄ እስኪያልቅ መለሰ። እማዬ ስትወጣ ትከሻዋ ቀለል ብሎ ነበር።

ጎናችን ላውንደሪ ያላት ዶኛ ሮሳም ገባችበት። እሷ ስፓኒሽ፣ እትዬ በላይነሽ አማርኛ፤ ሁለቱ የሚግባቡት በእጅ ነው። ዶኛ ሮሳ በሁለት ጣቷ ሰው ሲሄድ ታሳያለች፣ በሌላ እጇ መኪና ታመጣለች፣ ከዚያ ራሷን ትነቀንቃለች። አንድ ላይ ሆነው ከነጭ አቡጀዴ ትልቅ ጨርቅ ቆርጠው ቀይ ፊደል ሰፉበት። "በደህና እንሻገር" ይላል፣ በሦስት ቋንቋ። ሱቁ ግንባር ላይ ሰቀሉት። ነፋስ ሲመታው ጥፍ ጥፍ ይላል።

ከምርጫው በፊት ተወዳዳሪዎቹ ንግግር የሚያደርጉበት ምሽት ነበር። ሚስተር ዋልተር ተነሥቶ ስለ ሰፈሩ ታሪክ ረጅምና ጥሩ ንግግር አደረገ። እትዬ በላይነሽ አስተርጓሚ አልፈልግም ብለዋል። ለሳምንት ያህል ሱሪ እያሳጠሩ፣ እኔ ስፒል እየለቀምኩ፣ ሦስት ዐረፍተ ነገር ስናጠና ነበር። ማይክራፎኑ ቢያጥርባቸውም ጎንበስ አላሉም፤ ከነመቆሚያው ከፍ አደረጉት። እንግሊዝኛቸው የጎንደር እንግሊዝኛ ነው፣ እያንዳንዱን ቃል ረግጠው ነው የሚናገሩት።

"ስሜ በላይነሽ ነው። መንገዱን በየቀኑ እሻገራለሁ። መድረስ እፈልጋለሁ።"

ተቀመጡ። ትንሽ ጊዜ ማንም አልተንቀሳቀሰም፤ ንግግሩ የሚቀጥል መስሏቸው ነው። ከዚያ ከኋላ አንድ ሰው አጨበጨበ፣ ከዚያ ሁሉም። ሚስተር ዋልተርም አጨበጨበ። ያን ዕለት ሌባ አለመሆኑን ጠረጠርኩ።

የምርጫው ቀን እሑድ ነበር፤ እሑዱ ደግሞ ሆሳዕና። ቀኑን የቆረጡት ሰዎች ክፋት አስበው አይደለም፣ ሆሳዕና ለእኛ ምን ያህል ረጅም ቀን እንደሆነ ስለማያውቁ ነው። ቅዳሴው ብቻ አይደለም፤ በሕማማት ሳምንት ፍትሐት ስለሌለ የዚያን ቀን ለሕዝቡ ሁሉ ጸሎተ ፍትሐት ይደረሳል። ቤተ ክርስቲያኑ ደግሞ ወደ ደቡብ ራቅ ያለ ነው። ቢሆንም በቂ ጊዜ አለ ተብሎ ታሰበ። ከዚያ በፊት በነበረው እሑድ ካህኑ "ምርጫው እስከ አራት ሰዓት ነው፣ ከቅዳሴ በኋላ ሄዳችሁ ምረጡ" ብለው አስታውቀው ነበር።

እትዬ በላይነሽ ተወዳዳሪ ስለሆኑ ሌሊት ቅዳሴ አስቀድሰው፣ ሥጋ ወደሙ ተቀብለው፣ አባዬ ቶሎ መልሷቸው መጣ። እኔም አብሬ ነበርኩ፤ እማዬ ግን ለፍትሐቱ እዚያው ቀረች። ምርጫው የሚደረገው ከሱቃችን ማዶ ባለው ትምህርት ቤት የምሳ አዳራሽ ነው። ወለሉ ለዚያ ቀን ተብሎ በሰም ተወልውሏል። ለተወዳዳሪ በሩ አጠገብ መቀስቀስ ስለማይፈቀድ እትዬ በላይነሽ አጥሩ ጥግ አንድ ዛፍ ሥር ቆሙ። እኔ እየገባሁ እየወጣሁ አየሁ። ዶኛ ሮሳ ከነቤተሰቧ መጣች። ሬስቶራንት ያላት ሴትዮ መጣች። የሚስተር ዋልተር ሰዎችም መጡ፣ ብዙ ነበሩ፣ በቡድን በቡድን ይገባሉ። የእኛዎቹ ግን የሉም። ቀኑ ገፋ። እትዬ በላይነሽ አንዴ በአንደኛው እግራቸው አንዴ በሌላኛው ይቆማሉ።

አባዬ ታክሲው ውስጥ ተቀምጦ ጋዜጣ ያነባል። ከበሩ ርቆ ነው ፓርክ ያደረገው፣ እንዳይጠሩት ይመስላል። ወደ እሱ ሄጄ "እማዬ ለምን አትመጣም?" አልኩት። ስልኩን አውጥቶ ደወለላት። ስፒከር ላይ ስላደረገው ሰማኋት። ከኋላዋ ሰው ሲያወራ፣ ሳህን ሲንቀጫቀጭ ይሰማል።

"ፍትሐቱ አሁን አለቀ። ጸበል ጸዲቅ ቀምሰን እንነሣለን" አለች። "ምን አስቸኮላችሁ? እስከ አራት ሰዓት አይደል? ሲመሽ እንመጣለን፣ እናቶቹም እንደዚያ ነው ያሉት።"

አባዬ ጋዜጣውን አጠፈ።

"የኔ ቆንጆ፣ አራት ሰዓት የማን አራት ሰዓት?"

"እንዴ፣ የማታው አራት ሰዓት ነዋ።"

"በፈረንጅ አራት ሰዓት ነው። በእኛ አስር ሰዓት።"

ከስልኩ ውስጥ የሳህኑ ድምፅ ብቻ ይሰማል። ከዚያ እማዬ ለሰዎቹ ስትናገር፣ ሰዎቹ ሲንጫጩ ሰማን። "አውቶቡሱ እኮ እሑድ ቶሎ ቶሎ አይመጣም" አለች። "መኪና ያላቸው ጥቂት ናቸው። እናቶቹን በምን እናምጣቸው?"

አባዬ ወደ ዛፉ አየ። እትዬ በላይነሽ ጀርባቸውን ሰጥተውን ቆመዋል፣ ነጠላቸው ትከሻቸው ላይ ቀጥ ብሎ። አልጠሩትም። ዞረውም አላዩትም።

"እዚያው ቆዩ" አላት። "ውጪ ተሰለፉ።"

ከዚያ ለአንድ ታክሲ ነጂ ጓደኛው ደወለ። "ሰላም ነው? ኤርፖርት ነህ? ስንተኛ ነህ ሰልፉ ላይ?" ኤርፖርት ተሰልፎ ሰው መጫን ማለት ግማሽ ቀን መጠበቅ ነው፤ ሰልፉን የለቀቀ መጨረሻ ላይ ነው የሚመለሰው። በዚያ ዓመት ደግሞ በስልክ የሚጠሩት መኪኖች መጥተው ሥራው ቀዝቅዟል። ይሄንን አውቃለሁ፣ ቤት ውስጥ ሌላ ወሬ አልነበረም። አባዬ በስልኩ እንዲህ አለ፦ "ልቀቀውና ቤተ ክርስቲያን ድረስ ና። ላሉትም ንገራቸው። እትዬ በላይነሽን ሊያሸንፏቸው ነው።" ሌላ ማብራሪያ አልሰጠም። እኔን "ግቢ" አለኝና ሞተሩን አስነሣ።

ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ስንደርስ ነጭ የለበሱ ሰዎች የእግረኛውን መንገድ ሞልተውታል። ሴቶቹ ዘንባባ ግንባራቸው ላይ አስረዋል፤ ጣታቸው ላይ የዘንባባ ቀለበት አለ። ታክሲዎቹ አንድ በአንድ መድረስ ጀመሩ። ከኤርፖርት የመጡት፣ ከዳውንታውን የመጡት፣ አንዱማ ቶራንስ ሰው አድርሶ ሲመለስ ሰምቶ በዚያው የመጣ ነው። ሾፌሮቹ ወርደው እናቶቹን በክንዳቸው እየያዙ አስገቧቸው። የታክሲው ቆጣሪ አልተከፈተም። እኛ ታክሲ ውስጥ እማዬና ሌሎች ሦስት እናቶች ገቡ፤ እኔ እማዬ ጭን ላይ ተቀመጥኩ፣ ያ እንኳ አይፈቀድም ነበር።

ፌርፋክስ ላይ ስንወጣ ወደ ኋላ ዞሬ አየሁ። ታክሲ በታክሲ ላይ ተከታትሎ፣ መስኮቱ ሁሉ በዘንባባ ተሞልቶ ይመጣል። አንዲት እናት እልል አለች። ከኋላ ካለው ታክሲ ተመለሰላት።

በሩ ሊዘጋ ጥቂት ሲቀረው ደረስን። ሰዓቱ ሳይደርስ ሰልፍ የያዘ ሁሉ ይመርጣል ተባለ፤ አንዲት የምርጫ ሠራተኛ መጥታ ከመጨረሻው ሰው ኋላ ቆመች። ሰልፉ ከአዳራሹ ወጥቶ፣ የልጆቹን መጫወቻ ሜዳ ዞሮ፣ አጥሩ ጋ ደርሷል። ከሠራተኛዋ ፊት የቆመው የመጨረሻው ሰው ጋሼ ታደሰ ነበሩ፤ አንዱ ሾፌር ከቤታቸው ይዟቸው መጥቶ ከነምርኩዛቸው አቁሟቸዋል። እትዬ በላይነሽ ከዛፉ ሥር ሆነው ያዩት ነበር። አልቀረቡም፣ ሕጉ አይፈቅድም። ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሲያደርጉ ብቻ አየኋቸው።

አባዬ እናቶቹን አሰልፎ ሊወጣ ሲል እማዬ እጁን ያዘችው። እሱም ቆመ። ተራው ሲደርስ የመብራት ሂሳብ የመጣበትን ወረቀት አሳየ፣ የተሰጠውን ወረቀት ይዞ ካርቶን ወደተጋረደበት ጠረጴዛ ሄደ። ከሁሉ ሰው ይልቅ እዚያ ረጅም ጊዜ ቆየ። ሲወጣ ፊቱ ተለዋውጦ ነበር። "አባዬ" አልኩት። አልመለሰልኝም። "አባዬ፣ ሰጠህ?" ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ እንጂ አልተናገረም። ያ አሮጌ ፍርሃቴ ተመልሶ መጣ፤ እውነትም ወስደውበታል አልኩ። እጁን ይዤ መጫወቻ ሜዳው ድረስ ወጣን። እዚያ ደርሶ ጉሮሮውን ጠረገና፣

"ማንም ከኋላዬ አልቆመም" አለ። "ዞሬ አየሁ እኮ። ማንም የለም።"

ድምፁ እንዳለ ነበር። ደስታዬ ለእሱ ይሁን ለድምፁ፣ ዛሬ መለየት አልችልም።

ቆጠራው በዚያው አዳራሽ፣ ሰው ሁሉ እያየ ነው የተደረገው። ፀሐይ ገና አልጠለቀችም፤ ሰም የተቀባው ወለል ላይ ብርሃኗ ተጋድሟል። እናቶቹ በልጆች ቁመት በተሠሩት አግዳሚዎች ላይ ጉልበታቸው አገጫቸው እስኪደርስ ዝቅ ብለው ተቀምጠዋል። አንዲት ሴትዮ ውጤቱን ከወረቀት አነበበች። የነጋዴዎች ወንበር ላይ ስትደርስ ቆም አለች፤ ስሙን እንዴት እንደሚጠራ አላወቀችም። "በ... በላ..." አለች። ቀሪውን አዳራሹ ጨረሰላት።

ያንን እልልታ ላወራው አልችልም። ዶኛ ሮሳ ምን ማለት እንደሆነ ሳታውቅ አብራ እልል ለማለት ትሞክራለች። ሾፌሮቹ እንደ ልጅ ይዘላሉ። ሚስተር ዋልተር መጥቶ የእትዬ በላይነሽን እጅ በሁለት እጁ ጨበጠ፤ እሳቸው ደግሞ ጎንበስ አድርገው ሦስት ጊዜ ሳሙት፤ በመጨረሻው ላይ ጉንጩን መስጠት ለመደ። አባዬ ሲቀርባቸው "መጣህ?" አሉት ብቻ። "መጣሁ እትዬ" አላቸው።

መብራቱ የተተከለው፣ ዜብራውም የተቀባው ከስንት ስብሰባና ከስንት ደብዳቤ በኋላ በሚቀጥለው ዓመት ነው፤ እትዬ በላይነሽ ከአንዱም ስብሰባ አልቀሩም። ያን ዕለት ግን መንገዱ ገና እንደነበረ ነው። ከአዳራሹ ወጥተን እግረኛው መንገድ ላይ ቆምን። ሱቁ ማዶ ነው፣ ቀዩ ፊደል ከዚህ ይነበባል። መኪናው አያቋርጥም። አንዱ ሾፌር "ጋሼ፣ ዞሬ ላድርስዎት፣ ይግቡ" አላቸው ጋሼ ታደሰን። ጋሼ ታደሰ ማዶውን አዩ፣ እትዬ በላይነሽን አዩ።

"በእግሬ ነው የምሄደው" አሉ።

አባዬ ታክሲው ውስጥ ገባ። ቀስ ብሎ ወደ መንገዱ ወጣና መሃል ላይ አግድሞ አቆመው፣ መብራቱን ብልጭ ድርግም አደረገው። ሌላው ታክሲ ከወዲያኛው አቅጣጫ እንዲሁ አደረገ። ሁለት ሌሎች ተጨመሩ። ከኋላ ክላክስ ተነፋ፤ ከዚያ ሰዎቹ ነጭ የለበሱትን እናቶችና ዘንባባውን ሲያዩ ክላክሱ ቆመ። አንዱ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ስልኩን አወጣና ፎቶ ያነሣ ጀመር።

እትዬ በላይነሽ ክንዳቸውን ሰጡ። ጋሼ ታደሰ በአንድ እጃቸው ያንን ክንድ፣ በሌላው ምርኩዛቸውን ይዘው ከእግረኛው መንገድ ወረዱ። እኛ ከኋላ ተከተልን። ማንም አልቸኮለም። መሃል ላይ ሲደርሱ ጋሼ ታደሰ ቆሙና ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ፣ ግራቸውን አዩ፣ ቀኛቸውን አዩ።

"ለካ" አሉ፣ "ይሄን ያህልም ሰፊ አይደለም።"